ሦስተኛውን ቀን የማይጠብቅ ትኩሳት

አቶ ዓባይነህ የቅዳሜ ገበያ መግቢያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ሲመርጡ ሹክሪያን ከሩቅ አዩዋትና መጀመሪያ የመጣላቸው ሐሳብ መደበቅ ነበር። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ያውም የእድር ዳኛ፣ ከጎረቤት ልጅ ሸሽተው ዝንጅብል ከተከመረበት ማዳበሪያ ጀርባ ገባ ሲሉ ያየ ሰው ምን እንዳለ እንጃ። ልጅቷ ያደረገቻቸው ክፉ ነገር የለም። ክፋቷ ማወቋ ነው። በሸዋ ቤንች ከተማ እሳቸው በሆዳቸው የያዙትን ምስጢር ከእሳቸው ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ምስጢሩ ይህ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እማዋይሽ የጡት ካንሰር ይዟቸው ከሰኔ ጀምሮ በየሦስት ሳምንቱ ጅማ እየተመላለሱ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። የባለሱቁ የሀምዳን ልጅ ሹክሪያ ደግሞ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ክፍል ነርስ ናት። አቶ ዓባይነህ መጀመሪያ ቀን እዚያ ሲያገኟት ኮሪደር ላይ ለብቻ ወስደው፣ ለወላጆቿ እንኳ ትንፍሽ እንዳትል አስምለዋታል። ለጎረቤት የተነገረው ጨጓራ ነው። ለባለቤታቸውም ቢሆን «እብጠት ናት፣ እብጠቷን ማድረቂያ ነው» ከማለት አልፈው አያውቁም።

«ጋሼ ዓባይነህ፣ እንዴት አደሩ?» አለች ሹክሪያ ማዳበሪያውን ዞራ መጥታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺ ደግሞ መቼ መጣሽ?» አሉ፣ ዝንጅብሉን ሲመረምሩ የቆዩ መስለው።

«ትናንት ማታ ገባሁ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ነው። እትዬ እማዋይሽስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት። ትንሽ ሙቀት ብጤ ነካ አድርጓት ነው እንጂ ደህና ናት።»

እዚህ ላይ አቶ ዓባይነህ ተሳሳቱ፤ ማለትም ተሳስተው እውነቱን ተናገሩ። የልጅቷ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

«ሙቀቱ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ልገዛ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ወባ ናት ልጄ፣ የጥቅምት ወባ። እኔ ደግሞ ወባን ገና ከደጅ ስትመጣ ነው የማውቃት።»

ይህን ሲሉ መዋሸታቸው አልነበረም። አባታቸው ማጂ በጸሐፊነት ተመድበው ሲመጡ እሳቸው ገና ጡት ያልጣሉ ሕፃን ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቱምም ኖረዋል፣ ቴፒም ኖረዋል፤ ቡና ተከትለው በወረዱበት ሁሉ ወባ ስለተቀበለቻቸው ስንት ጊዜ እንደጣለቻቸው ረስተውታል። ከዚህ ሁሉ ዕድሜ ያተረፉት ሕግ አንድ ነው፤ የአካባቢው ሽማግሌ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሳቸው ግን እንደ ጸሎት ይደግሙታል። ትኩሳት ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን ለዝምታ፣ ሁለተኛው ለብርድ ልብስ፣ ሦስተኛው ለምስክር። በሦስተኛው ቀን ከተመለሰ ወባ ነውና ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ ካልተመለሰ ብርድ ነበርና ይረሳል። በዚህ ሕግ የዳኑትን ሰዎች አቶ ዓባይነህ በስም ይቆጥራሉ። ያልዳኑትን ግን ቆጥረው አያውቁም። እኛም እንዲሁ ነን፤ የሚመቸንን ነው የምንቆጥረው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሹክሪያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እትዬ መድኃኒቱን የወሰዱት ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ነው። የሰቀልኩላቸው እኔው ነኝ። ዛሬ አሥረኛ ቀናቸው ነው። በእነዚህ ቀናት የመጣ ትኩሳት ምን እንደሆነ እስኪለይ አይጠበቅም። አሁኑኑ ሚዛን ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።»

«አሁኑኑ? ዛሬ እኮ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ነገ ሦስተኛዋ ነው፤ ነገ ይለይላታል።»

«እኔም የምፈራው እሱኑ መለየቱን ነው ጋሼ።»

አቶ ዓባይነህ ሳቅ አሉ። ትንሽ ልጅ ሆና ከረሜላ ይገዙላት የነበረች ልጅ እንዲህ ስትናገራቸው ከመቆጣት መሳቅ ይቀላቸዋል። ነጭ ሽንኩርቱን በወረቀት አስጠቅልለው መንገድ ጀመሩ፤ እሷም ከጎናቸው አልተለየችም።

«መማርሽን አከብራለሁ» አሉ እየሄዱ። «ግን ነገሩን በእርጋታ እንየው። ቁስል የላትም። ሳል የላትም። ከሰውነቷ አንድም ቦታ መግል የያዘ ነገር የለም። ማታና ዛሬ ማለዳ ፓራሲታሞል ሰጠኋት፣ አላባትና በረደላት። ለሞት የሚያሰጋ ነገር ቢሆን በአንዲት ክኒን ይበርዳል?»

«የበረደው ትኩሳቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። መግል የለም ላሉት ደግሞ፣ መግል የሚሆነው ነጭ የደም ሴል ከጀርም ጋር ሲዋጋ ነው። ኬሞው ክፉውን ሴል ሲገድል ደጉንም አብሮ ይጎዳዋል። ከሰባተኛው ቀን እስከ አሥራ አራተኛው አካባቢ ነጩ ሴል እጅግ ያንሳል። ያን ጊዜ ጀርም ቢገባባቸው የሚያብጥም፣ የሚያመግልም፣ የሚያስልም ላይኖር ይችላል። ሰውነታቸው ድረሱልኝ የሚልበት የቀረው አንድ አፍ ትኩሳት ነው። እሱንም በፓራሲታሞል ከዘጋነው በምን እናውቃለን?»

«ወባ ከሆነችስ?»

«ከሆነች ደማቸው ሲመረመር ትታያለች፣ መድኃኒቷም አብሮ ይሰጣቸዋል። ለወባም ቢሆን እኮ ጋሼ፣ ሦስተኛ ቀን መጠበቅ ልክ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ወደ ጭንቅላት የወጣችበት ሰው ስንት አለ። ይሄ በጀርም የሚመጣው ግን ከእሷም ይፈጥናል። ጠዋት ገበያ ሲዞር የዋለ ሰው ማታ ደም ግፊቱ ወድቆ ራሱን ሊስት ይችላል።»

አቶ ዓባይነህ ነገሩን ላለመስማት እርምጃቸውን ቢያፈጥኑም ጆሯቸው ከእግራቸው ጋር አላመለጠም። ሹክሪያም የዋዛ አልነበረችምና ሌላ መንገድ ፈለገች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቡና ያስለቅማሉ?»

«አስለቅማለሁ እንጂ። ስድስት ለቃሚ አስገብቼ ነው የመጣሁት።»

«እሸቱን ነገ ባስረክበው ምን ይሆናል ብለው ያሳድሩታል?»

«አብደሻል እንዴ? እሸት ቡና ካደረ ይፈላል። የተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ ዋጋ የለውም።»

«ሲያዩት ግን ቀይ ነው፣ ያምራል። ምንም የሆነ አይመስልም።»

«ላዩማ ያምራል። የሚበላሸው ከውስጥ ነው፤ በዓይን እስኪታይ ከጠበቅሽ...» አሉና ቃሉን አቋረጡት።

ሹክሪያም ቃሉን አልጨረሰችላቸውም። እንዲህ ያለ ጊዜ ዝም ማለትን ማንም በትምህርት ቤት አያስተምርም፤ ከእናቷ ነው ያገኘችው። አቶ ዓባይነህ የተባለው ገብቷቸዋል። ግን የገባን ነገር ሁሉ ወዲያው እግር አይሆንም፤ ከሥሩ ሌላ የታሰረበት ችካል አለ። ችካሉን ራሳቸው አወጡት።

«ልጄ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ገበያው ሙሉ ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሃል ሚስቴን ደግፌ መኪና ላይ ሳወጣት ሰው ምን ይላል? ምን ሆነች ይላል። አንዱ ይገምታል፣ ሌላው ይጨምርበታል። ነቀርሳ የሚባል ስም አንድ ጊዜ ከቤት ከገባ ሰው ሁሉ በቁም ያለቅስብሻል። በቁሟ እንድትለቀስ አልፈልግም።»

«ይገባኛል ጋሼ። ክፋት አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ጅማ የሰጠሁዎት ቢጫ ካርድስ የት አለ?»

«ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«ለምን?»

«ስሙ ተጽፎበታላ። ሰው ቢያየውስ? እሷስ ብታየው?»

«ካርዱ ላይ የበሽታው ስም ብቻ አይደለም ያለው። "ትኩሳት ሠላሳ ስምንት ከደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ" ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ይህን ለእትዬ ልነግራቸው ስል እርስዎ ነዎት የከለከሉኝ፤ እኔ እነግራታለሁ አሉኝ። ነገሯቸው?»

አቶ ዓባይነህ የነጭ ሽንኩርቱን ጥቅልል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እንደ እድር ዳኛ ስንት ተከሳሽ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲያዝ አይተዋል፤ ዛሬ የራሳቸው ተራ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ እማዋይሽ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሹክሪያ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ ከቦርሳዋ የሙቀት መለኪያ አውጥታ ብብታቸው ሥር አደረገች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት አለ፤ የማለዳዋ ፓራሲታሞል እንኳ ገና ከሰውነታቸው ሳትወጣ ነው።

«ምን አለ?» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ።

«ምንም አይደለም» አሉ አቶ ዓባይነህ ተሽቀዳድመው። «ያው የእብጠቷ ነገር ነው፤ ትንሽ...»

«ዓባይነህ» አሉ ሴትዮዋ በዝግታ። «እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ሳነብ ቀስ እላለሁ፤ ግን አነባለሁ። ጅማ መድኃኒት በምወስድበት ክፍል በር ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ በሄድን ቁጥር አንብቤዋለሁ።»

አቶ ዓባይነህ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እንዳልሰማ ብለህ ስትለፋ አየሁሃ። አንጀቴን በላኸው። አወቀች ብሎ እንዳይጨነቅ ብዬ እኔም እንዳላወቀ ሆንኩልህ።»

አራት ወር ሙሉ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ሌላውን ሊጠብቅ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖሯል። ደግነት ነው፤ ማንም ደግነት አይደለም አይልም። ግን አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ስትል ደግ ሰው አይመለከተውም አላለችም።

«ስሙንስ አውቄዋለሁ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ወደ ሹክሪያ ዞረው። «አንቺን እንዲህ ያስደነገጠሽ ግን ስሙ አይደለም። ትኩሳቱ ምንድን ነው?»

ሹክሪያ አቶ ዓባይነህን ተመለከተች። እሳቸው «ንገሪያት» አሉ። እሷም ለባል የነገረችውን ለሚስት ነገረች፤ ስለ ነጩ ሴል፣ ስለ አሥረኛው ቀን፣ ስለ ካርዱ። ወይዘሮ እማዋይሽ እስከ መጨረሻው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን አላውቅም ነበር» አሉ። «ብርድ ብርድ ያለኝ እኮ ትናንት ከጠዋቱ ጀምሮ ነው። ለቃሚዎቹ ምሳቸውን እስኪበሉ ብዬ ቻልኩት፤ ለአንተም ማታ ነው የነገርኩህ። ባውቅ ኖሮ እችለው ነበር?»

ይህች ቃል አቶ ዓባይነህን ከስብከት ሁሉ በላይ ወጋቻቸው። ሊደብቁ የደከሙለትን ስም ሚስታቸው ከመጀመሪያውም ታውቀዋለች። ከእሷ መደበቅ የተሳካላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ነፍሷን የሚያድነው ነው። ፈሩ፤ ከልባቸው ፈሩ።

«ጫማዬን አቀብሉኝ» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ።

ችግሩ መኪና ነበር። የሚዛን ሚኒባስ እስኪሞላ አይነሳም፤ ሲሞላም በሳልና በጉንፋን መሃል ነው። ከአጥሩ ማዶ ግን ቡና ሰብሳቢው ባዘዘው ባለሁለት ጋቢና ፒክአፑን አቁሞ እሸት ቡና በጆንያ ያስጭናል። አቶ ዓባይነህ አጥሩ ዘንድ ሄዱ።

«ባዘዘው፣ እማዋይሽን ሚዛን ታደርስልኛለህ?»

«በደስታ ነዋ ጋሼ። ምን ሆኑ?»

«ያው ጨጓራዋ ነው።»

«እንግዲያው ይቺን እሸት መፈልፈያው ጋ ላራግፍና ልምጣ። ብቆይ ሁለት ሰዓት ነው። ጨጓራ ከሆነ እስከዚያ ትንሽ ወተት ይቅመሱ።»

ባዘዘው ክፉ ሰው አይደለም። ለጨጓራ የሚገባውን ፍጥነት ነው የሰጠው። አቶ ዓባይነህ ግን የዚያን ጊዜ ያልጠበቁት ነገር ታያቸው። ለካ ውሸቱ ምስጢራቸውን ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው፤ ሰውንም ከደጃቸው ያርቅ ነበር። ማንም የማያውቀውን አደጋ ማን ሮጦ ይደርስለታል? ሁለት ሰዓት። ካርዱ ያለው አንድ ነው። ወደ ኋላ ዞረው ሚስታቸውን አዩ፤ ጫማቸውን አድርገው በሹክሪያ ትከሻ ተደግፈው ቆመዋል። ለቃሚዎች፣ ጫኞች፣ የገበያ መንገደኞች በአጥሩ ዙሪያ ነበሩ። አቶ ዓባይነህ ድምፃቸውን አልቀነሱም።

«ባዘዘው፣ ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው። ጅማ መድኃኒት እየወሰደች ነው፤ አሁን ትኩሳት ይዟታል። ከቆየን ትሞትብኛለች።»

ማንም በቁም አላለቀሰም። አንዲት ለቃሚ አፏን በእጇ ያዘች። ባዘዘው የያዘውን ጆንያ መሬት ላይ ጣለና ጫኞቹን «አውርዱት» አለ።

«ቡናህስ?» አሉ አቶ ዓባይነህ።

«እንደፈለገው ይፍላ። ይግቡ ጋሼ።»

መንገድ ላይ ሹክሪያ ስልክ ደውላ ለሆስፒታሉ አስቀድማ ነገረች። ካርዱ በአቶ ዓባይነህ እጅ ነበር፤ ሲያወጡት ሳጥኑን መልሰው መቆለፍ እንኳ ረስተዋል። ባዘዘው የመኪናውን መስኮቶች ከፍቶ፣ ጭቃውን እየሸሸ እየነዳ ጥያቄ ጠየቀ።

«እንዲህ የሚያጣድፈው ትኩሳት ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?»

«አለ እንጂ» አለች ሹክሪያ። «ካንሰር ያለበት ሰው ወገቡን ወይ ጀርባውን አዲስ ሕመም ይዞት እግሩ ቢዝልበት፣ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ቢያቅተው፣ ድካም ነው ተብሎ አይተኛም። ሕብረ ሠረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ዕለት ከታከመ በእግሩ ይሄዳል፤ ከዘገየ ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።»

«የአጎቴ ሚስት ቴፒ እንዲያ ሆና ነበር» አለ ባዘዘው። «መጋኛ ነው ብለን አሸናት።»

«ብዙ ሰው ያሻል። ሌላው፣ ድንገት ትንፋሽ ሲያጥር፣ ፊትና አንገት ሲያብጥ፣ ወይም አንዱ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ነው። ሰውዬው በጣም እየጠማው፣ ሆዱ እየደረቀ ከመጣና መቀባጠር ከጀመረም ደሙ ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ይሆናል፤ እኛ ግን ዛር ነው፣ ዕድሜ ነው እንላለን። የማይቆም ደምም አለ። ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም ጋሼ ባዘዘው። ትናንት ያልነበረ ከባድ ነገር ዛሬ ከመጣ ነገን አለመጠበቅ ነው።»

«ሳይቃጠል በቅጠል» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«እሱ ነው እትዬ።»

ሆስፒታሉ በር ላይ አቶ ዓባይነህ ካርዱን አሳዩ። ያ የፈሩት ቢጫ ወረቀት ሰልፉን ሁሉ አሳለፋቸው። ዶክተር ልዩ የምትባል ወጣት ሐኪም ደም አስቀዳች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ግን አልጠበቀችም፣ አንቲባዮቲኩ ወዲያው በደም ሥር ተጀመረ። የወባው ምርመራ ነጻ ሆነ። ነጩ የደም ሴል እንደተባለው እጅግ ወርዶ ተገኘ፤ የደም ግፊታቸውም መውረድ ጀምሮ ነበር። ሐኪሟ ጅማ ካሉት ሐኪሞች ጋር በስልክ ተመካክራ ስትወጣ አቶ ዓባይነህ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሡ።

«አባቴ፣ በጊዜ ነው የደረሱት» አለቻቸው። «ነገ ቢመጡ ኖሮ የምነግርዎት ነገር ሌላ ነበር።»

አቶ ዓባይነህ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ሰው ያየኛል ሳይሉ አለቀሱ። ሹክሪያ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሹክሪያ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ የትኩሳት ዳኛ ሆኜ ሃያ ዓመት ፈርጃለሁ። ስንቱን ሰው ሦስተኛውን ቀን ጠብቅ ብዬ ይሆን?»

ልጅቷ ልታጽናናቸው ብላ አልዋሸችም። «እሱን አላህ ነው የሚያውቀው ጋሼ። ያን ጊዜ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። ከዛሬ ወዲያ ግን ያውቃሉ።»

ወይዘሮ እማዋይሽ በሰባተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጡ። ቤት ሲገቡ አቶ ዓባይነህ ካርዱን በፕላስቲክ አስለብጠው የእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ፣ ማንም ገብቶ በሚያየው ቦታ ሰቀሉት። የሙቀት መለኪያም ተገዛ። ጠያቂው ጎርፎ መጣ፤ የተፈራው ለቅሶ ግን አልመጣም። ይልቅ ሰው የሚያደርገውን አወቀ። ጉንፋን የያዘው በር ላይ ሆኖ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይመለሳል፣ የገባው እጁን በሳሙና ታጥቦ ይገባል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ በደንብ የበሰለ ምግብ ያመጣል። የሹክሪያ እናት ቱርከያ ለቀጣዩ የጅማ ጉዞ አብራ ሄደች። እስከዚያ ድረስ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን የተሸከሙት ሸክም ለብዙ ትከሻ ሲከፋፈል ያን ያህልም ከባድ አልነበረም።

ኅዳር ላይ እድሩ ሲሰበሰብ አቶ ዓባይነህ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። መኪናና ባጃጅ ያላቸው አባላት ተራ ይግቡ፤ ተራው የማን እንደሆነና ስልኩ በየቤቱ ይታወቅ፤ ማንም ሰው በድንገት ሲታመም ቀን ሳይቆጠር ይነሣ። ከነባሮቹ አባላት አንዱ፣ አቶ ከድር፣ እጃቸውን አነሡ።

«ክቡር ዳኛ፣ አሳቡ መልካም ነው። ግን እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው። አባቶቻችን እንዲያ ነው ያቆዩን።»

«ልክ ብለሃል ከድር ወንድሜ» አሉ አቶ ዓባይነህ። «እስቲ አንድ ነገር መልስልኝ። ሰው ሲሞት ድንኳኑን በስንት ሰዓት እንተክላለን?»

«ግማሽ ሰዓት አይፈጅብንም።»

«ሰው ሲታመምስ?»

አቶ ከድር ፈገግ አሉ። «ሦስተኛውን ቀን እንጠብቃለን። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ስብሰባው በሳቅ ተናወጠ፤ አቶ ዓባይነህም አብረው ሳቁ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ያስተማርኩትን ዛሬ በፊታችሁ እሽራለሁ። ለሬሳ ግማሽ ሰዓት፣ ለነፍስ ሦስት ቀን፤ ይሄ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ፍጥነቱ እኮ አለን። ቦታውን እንቀይረው ነው የምለው።»

አቶ ከድር ትንሽ አሰቡና «ባጃጄን መዝግቡልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ የተቃወመ አልነበረም። እስከ ጥምቀት ድረስ ብቻ ተራ የገቡት መኪኖች አንድ ሕፃን ወባዋ ገና በጀመራት ቀን፣ አንዲት ምጥ የያዛት እናት ውሃዋ ፈሶ ሳይቆይ፣ አንድ ለቃሚ ደግሞ እባብ በነደፈው ሰዓት ውስጥ አድርሰዋል። ሦስቱም ቤታቸው ገብተዋል። ድንኳኑ በዚያ ሰሞን ከመጋዘን የወጣው ለሠርግ ነው።

ወይዘሮ እማዋይሽ የመጨረሻውን ኬሞ የካቲት ላይ ጨረሱ። ከሻሻቸው ሥር ፀጉራቸው እንደ አዲስ ጎፈር ማለት ሲጀምር የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው «እንኳን እግዜር አተረፈሽ» ሊሉ መጡ። እሳቸውም ምንም ሳያስቀሩ ሁሉን ነገሩ፤ እብጠቱን መጀመሪያ በእጃቸው እንዴት እንዳገኙት፣ ስንት ወር እንደደበቁት፣ የትኩሳቱን ቀን፣ አጥሩ ዘንድ ባላቸው የተናገሩትን። «እኔን ያዳነኝ መድኃኒት ነው» አሉ፤ «መድኃኒቱ ዘንድ ያደረሰኝ ግን ስሙን ጮክ ብሎ መጥራቱ ነው።»

ሴቶቹ ተነሥተው ሲሄዱ ማርያም የምትባለው፣ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤት፣ ሻሽዋን እያስተካከለች ወደ ኋላ ቀረች። አቶ ዓባይነህ በረንዳው ላይ ሆነው አዩዋት። የወይዘሮ እማዋይሽን እጅ ያዘች፤ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወደ ጓዳ ገቡና በሩ ተዘጋ።

ቆይተው ወጡ። ማርያም ዓይኗ ቀልቷል፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፤ ሌላውን ወይዘሮ እማዋይሽ አልለቀቁትም።

«ዓባይነህ» አሉ፣ «ነገ ጠዋት የማን ተራ ነው?»

ምን ሆነች ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መለሱት። ማርያም ራሷ ስትፈልግ ትናገራለች።

«የባዘዘው ነው። ለስንት ሰው ልበለው?»

«ለሁለት» አሉ ወይዘሮ እማዋይሽ፤ «እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።»

አቶ ዓባይነህ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወደ አጥሩ ሄዱ።